ልጅ በሰመመን ተኝቶ አንዱ የዓይኑ ብሌን ቢሰፋስ? ከኦፕራሲዮን በፊት በስልካችሁ ማንሳት ያለባችሁ ፎቶ

እንበልና አንዲት እናት ከገላን ተነስታ የአምስት ዓመት ልጇን ለቶንሲል ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ አስገብታለች። ልጁ ሰመመን ወስዶ ተኝቷል፣ ሥራው ግማሽ ላይ ደርሷል። የሰመመን ባለሙያው የልጁን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ በባትሪ ሲያይ የቀኙ ብሌን ትንሽ፣ የግራው ደግሞ ትልቅ ሆኖ አገኘው። የልብ ምቱ ደህና ነው። ኦክስጅኑም ደም ግፊቱም ደህና ነው። ብሌኖቹ ግን እኩል አይደሉም።

በዚያች ደቂቃ ከሚነሱት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ይሄ ነገር ከበፊትም ነበር?» የሚል ነው። ልጁ ስለተኛ መመለስ አይችልም። ካርዱ ላይም ላይጻፍ ይችላል። መልሱ ያለው ውጭ ወንበር ላይ ከተቀመጠችው እናት ዘንድ ነው፤ ካልሆነም በታላቅ እህቱ ወይም በአጎቱ ስልክ ጋለሪ ውስጥ።

ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ሁኔታው ግን በእውነት ያጋጥማል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። አልፎ አልፎ ግን አንጎል አደጋ ላይ መሆኑን የሚናገር ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። ታናሽ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ይዛችሁ ሆስፒታል የምትሄዱት ብዙ ጊዜ እናንተ ወጣቶቹ ስለሆናችሁ ማወቅ ያለባችሁን በአንድ ቦታ ሰብስበናል። ሴቭ አድርጉት።

■ ብሌን ምንድነው?

ብሌን በዓይናችን መሐል የሚታየው ጥቁር ክብ ነው። ራሱ ቀዳዳ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት በር ማለት ነው። ዙሪያውን የከበበው ባለቀለም ክፍል አይሪስ ይባላል። እኛ ጋር ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ነው።

አይሪስ ውስጥ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። አንዱ እንደ ከረጢት አፍ ክር ዙሪያውን ስቦ ብሌኑን ያጠባል። ሌላው ወደ ውጭ እየሳበ ያሰፋዋል። በደማቅ ብርሃን የአዋቂ ሰው ብሌን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ በጨለማ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሁለቱ ጡንቻዎች ትዕዛዝ የሚቀበሉት ከተለያየ መስመር ነው። የሚያጠበው የሚታዘዘው ከአንጎል ግንድ በሚነሳው ሦስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። የሚያሰፋው ነርቭ ግን ዞሮ ነው የሚመጣው። ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ ውስጥ እስከ ደረት አናት ይወርዳል፣ በሳንባ ጫፍ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ የአንገትን ትልቅ የደም ቧንቧ ተከትሎ ወደ ዓይን ይወጣል። ለዚህ ነው አንገት ወይም ደረት ላይ የተሠራ ሥራ ዓይን ላይ የሚታየው።

የሁለቱ ብሌኖች መጠን ሲለያይ በሕክምና ቋንቋ አኒሶኮሪያ ይባላል። ከ5 ሰው አንዱ ገደማ ምንም ሕመም ሳይኖርበት ትንሽ ልዩነት አለው። ይሄ የተፈጥሮ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ሁለቱም ብሌኖች ለብርሃን እኩል ይታዘዛሉ። ችግሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጁ እንደዚህ መሆኑን አያውቅም። ቡናማ ዓይን ላይ ብሌኑና አይሪሱ ስለሚመሳሰሉ ካልተጠጉ አይለይም።

■ ሰመመን ብሌን ላይ ምን ያደርጋል?

ድሮ ሞኒተር ባልነበረበት ጊዜ ዓይን ራሱ ሞኒተር ነበር። ዊሊያም ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተርን በአደባባይ ካሳየ በኋላ ሰመመን ዓለምን አዳረሰ፤ ታካሚው ምን ያህል በጥልቀት እንደተኛ ማወቅ ግን ከባድ ነበር። አርተር ጉዴል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በችኮላ ለሚሠለጥኑ ነርሶችና ወታደሮች አንድ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ከሚያዩዋቸው ምልክቶች ውስጥ የዓይን እንቅስቃሴና የብሌን ስፋት ነበሩበት። ዛሬ ኤተር ቀርቷል፣ ሰንጠረዡም በቀጥታ አይሠራም፤ ብሌን ማየት ግን አልቀረም።

የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ብሌን ላይ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦

• ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፈንታኒልን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በአብዛኛው ብሌንን ያጠባሉ።
• ኬታሚን ብሌንን ሰፋ ያደርጋል። ልጁ ተኝቶም ዓይኑ ተከፍቶ ሊወዛወዝ ይችላል፤ ለቤተሰብ ያስደነግጣል እንጂ የታወቀ ነገር ነው።
• ሃሎቴንና አይሶፍሉሬንን የመሳሰሉ በትንፋሽ የሚሰጡ መድኃኒቶች ጥልቀታቸው ሲጨምር ብሌኑ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል።
• ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች እጅና እግርን ያዝላሉ፣ ብሌንን ግን አይነኩም። የአይሪስ ጡንቻ ዓይነቱ የተለየ ነው።

እዚህ ላይ ዋናውን ቁምነገር ያዙልን። በደም ሥር የተወጋ ወይም በትንፋሽ የገባ መድኃኒት መላ ሰውነት ስለሚደርስ የሚነካው ሁለቱንም ዓይን ነው። ሁለቱም ጠበቡ፣ ሁለቱም ሰፉ ከተባለ ሰመመኑ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ሲቀየር ግን «ሰመመኑ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በአንድ በኩል ብቻ የተፈጠረ ነገር መፈለግ አለበት።

■ አንዱ ብቻ የሚቀየርባቸው ምክንያቶች

1. ድሮም የነበረ። ከላይ ያልነው የተፈጥሮ ልዩነት፣ ወይም የቆየ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በድንጋይ ወይም በእንጨት ዓይኑን የተመታ ልጅ ብሌኑ ለዘለቄታው ሰፍቶ ሊቀር ይችላል። ሰው ሠራሽ ዓይን ያለው ልጅም አለ።

2. የዓይን ጠብታ። ለምርመራ ተብሎ ዓይን ውስጥ የሚገቡ ጠብታዎች ብሌን ያሰፋሉ። የአንዳንዶቹ ኃይል በሰዓታት ያልቃል፤ አትሮፒን ጠብታ ግን ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰኞ አንድ ክሊኒክ ጠብታ የተደረገለት ልጅ ሐሙስ ሌላ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሲገባ ይሄን የሚናገር ሰው ከሌለ ጭንቀቱን አስቡት።

3. ሾልኮ የገባ መድኃኒት። አፍንጫ ሲሠራ ደም እንዲቆም የሚደረጉ መድኃኒቶች ወደ ዓይን ሲደርሱ ብሌን ያሰፋሉ። አስም ላለበት ልጅ በኔቡላይዘር የሚሰጠው ኢፕራትሮፒየም ማስኩ በደንብ ካልገጠመ በአንድ በኩል ወጥቶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ያው ነው።

4. በቦታው የተወጋ ማደንዘዣ። ጥርስ፣ ቶንሲል፣ አፍንጫ ወይም ዓይን አካባቢ የተወጋ ማደንዘዣ ወደ ዓይን ነርቮች ተሰራጭቶ ብሌኑን ሊያሰፋ ይችላል። ለእጅ ኦፕራሲዮን አንገት ሥር ሲወጋ ደግሞ በተቃራኒው ብሌኑ ይጠባል፣ የዓይን ሽፋኑም ወረድ ይላል። ይሄኛው ሆርነር ሲንድረም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1869 ከገለጸው የስዊዘርላንድ የዓይን ሐኪም ነው። በማደንዘዣ የመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይለቃል።

5. የአንገትና የደረት ሥራ። አንገት ላይ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ወይም በአንገት ደም ሥር የሚገባ ቱቦ ያን ረጅም ነርቭ ሊነካው ይችላል።

6. ዓይን ላይ ያረፈ ጫና። ልጁ በሆዱ ተኝቶ ሲሠራ፣ ወይም ማስክ፣ ቱቦና ክንድ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ። ይሄ ቶሎ መነሳት አለበት። ዓይን ደም ካጣ እይታ ሊጠፋ ይችላል።

7. አንጎል ላይ የበረታ ግፊት። የሚያስፈራው ይሄ ነው።

■ የሚያስፈራው

የራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ውስጡ ደም ሲፈስ፣ ውሃ ሲጠራቀም ወይም አንጎል ሲያብጥ ግፊቱ መውጫ ያጣል። አንጎል ወደ ታች ሲገፋ ያን ሦስተኛ ነርቭ ይጫነዋል። የሚያጠበው ጡንቻ ትዕዛዝ ሲያጣ ብሌኑ ሰፍቶ ይቀራል፣ ባትሪ ቢበራበትም አይንቀሳቀስም።

የነቃ ልጅ ቢሆን ከዚህ በፊት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደነዝዛል። የተኛ ልጅ ግን ይሄን ሁሉ አያሳይም። አተነፋፈሱ እንኳን በማሽን ስለሆነ አይለይም። የሚቀሩት የደም ግፊት መጨመር፣ የልብ ምት መቀነስና ብሌን ናቸው። ባለሙያው ባትሪ ይዞ የዓይን ሽፋን የሚገልጠው ለዚህ ነው።

ይሄ የሚያሰጋው በተለይ በቅርብ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ያለበት ልጅ፣ እንዲሁም ሃይድሮሴፋለስ ያለበት ልጅ ነው። ሃይድሮሴፋለስ በጭንቅላት ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሸንት ነው፤ ውሃውን ከጭንቅላት ወደ ሆድ የሚያወርድ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ቀጭን ቱቦ ማለት ነው። ሸንት ሊደፈን ይችላል። ሸንት ያለው ልጅ ለእግር ወይም ለሽንት ፊኛ ኦፕራሲዮን ሲገባም ሸንቱ መነገር አለበት።

በአገራችን ከሃይድሮሴፋለስና ከአከርካሪ ክፍተት ጋር የሚወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ለእነዚህ ልጆች ስማቸው ቶሎ የሚነሳ ሆስፒታሎች ናቸው።

■ አስተናግር ያልተጠበቀው ተጠርጣሪ

ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያላችሁ ይሄን ተክል ታውቁታላችሁ። በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያውና ባዶ ቦታው ይበቅላል። ነጭ እንደ ጥሩምባ ያለ አበባና እሾሃማ ፍሬ አለው። አስተናግር፣ አንዳንዱ ጋር አጤ ፋሪስ ይባላል።

ይሄ ተክል በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ከሚጠቀምባቸው ጋር አንድ ናቸው። ልጅ ሲጫወት ቀጥፎት በዚያው እጁ አንድ ዓይኑን ካሸ ያ ብሌን ብቻ ሰፍቶ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ልጁ ምንም አይለውም፤ ምናልባት ብርሃን ያስቸግረው፣ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዝበት ይሆናል። በማግስቱ ኦፕራሲዮን ቢገባ ግን ባለሙያው የሚያየው አንድ የማይታዘዝ ሰፊ ብሌን ነው።

የፀረ ተባይ ኬሚካል በበኩሉ ተቃራኒውን ያደርጋል። በአበባና በአትክልት እርሻ አካባቢ ያላችሁ አስተውሉ፤ ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ዓይነት አንድ ዓይን ውስጥ ከገባ ያንን ብሌን ያጠባል።

ፍሬው ወይም ቅጠሉ ከተበላ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መርዝ ነው። ሁለቱም ብሌን ሰፍቶ ልጁ ከቃዠ፣ ፊቱ ከቀላና አፉ ከደረቀ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

■ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ባለሙያው መጀመሪያ ብሌኖቹ ለብርሃን ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ያያል። ቀጥሎ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ይለያል፦ ልዩነቱ በብርሃን ከባሰ ያልታዘዘው ሰፊው ነው፣ በጨለማ ከባሰ ደግሞ ጠባቡ ነው። ዓይን ላይ ያረፈ ነገር ካለ ያነሳል። ለቀዶ ሐኪሙ ይናገራል፣ በአፍንጫ ወይም በመርፌ ምን እንደተሰጠ አብረው ያስታውሳሉ። ካርዱን ያያሉ። ቤተሰብ ይጠየቃል።

የአንጎል ግፊት ከተጠረጠረ ግን መልስ እየተጠበቀ አይቆምም። እርዳታ ይጠራል፣ የልጁ ራስ ቀና ይደረጋል፣ አተነፋፈሱ ይስተካከላል፣ እንደ ማኒቶል ያለ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሥራው ባጭሩ ተዘግቶ ወደ ሲቲ ስካን ይኬዳል።

የቤተሰብ መልስ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። «አዎ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው፣ ይኸው ፎቶው» የሚል ቃል ልጁን ከማያስፈልግ ሲቲ ስካንና ከተቋረጠ ኦፕራሲዮን ሊያድነው ይችላል። «ኧረ በፍጹም፣ ትናንት እኩል ነበሩ» የሚለው ደግሞ ውድ ደቂቃዎችን ያተርፋል። ሁለቱም መልስ ይጠቅማል። የማይጠቅመው «እኔንጃ» ነው።

■ ለምን ራሳችሁ ማንሳት አለባችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦች አሉት። በ8 ከተሞች ተሞክሮ የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። የእኛ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ሳልትስ የተባለውን የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ጀምሯል። ግን ከ19ኙ ነጥቦች ውስጥ ስለ ብሌን የሚጠይቅ የለም። አለርጂ ይጠየቃል፣ የአየር መንገድ ይጠየቃል፣ ደም ይጠየቃል።

ሌላው መንገዱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚል ስም አንድ ከተማ የሆኑት እነዚህ አካባቢዎች ከባድ ሕመም ሲመጣ ፊታቸው ወደ አዲስ አበባ ነው። ከገላን ሲመጣ ቅርቡ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ ከሰበታ በጅማ መንገድ አለርት፣ ከቡራዩ ጳውሎስ። ልጁ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክ፣ ከዚያ ሆስፒታል ሲዞር ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዋናው ሕመም ነው። ሰኞ የገባው የዓይን ጠብታ አይጻፍም። ቋንቋም አለ፤ እናቱ የሚቀናት አፋን ኦሮሞ ከሆነ በደንብ የሚያስረዳ ሰው አብሮ ይሂድ።

■ ፎቶውን እንዴት ታነሳላችሁ?

• ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ የልጁ ፊት ቀጥ ብሎ ወደ መስኮት ይሁን። ብርሃኑ ከጎን ከመጣ አንዱን ዓይን ብቻ ያጥላላዋል።
• ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ፎቶ ይግቡ። ቀረብ በሉ።
• ፍላሽ ይጥፋ። ቢውቲና ፊልተር ይጥፋ፤ ዓይን የሚያተልቅ ፊልተር ያለው ፎቶ ከምንም የከፋ ነው።
• ሁለተኛ ፎቶ ደብዘዝ ባለ ክፍል አንሱ።
• በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፋይል ላኩት፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ። ዋናውን አታጥፉ።
• የቆዩ ፎቶዎችንም ፈልጉ። የልደት፣ የጥምቀት፣ የኢድ። ልዩነቱ ድሮም ከነበረ እዚያ ላይ ይታያል።

ፍላሽ ባላቸው የቆዩ ፎቶዎች ላይ አንዱ ብሌን ነጭ ሆኖ ደጋግሞ ከታያችሁ ሳትዘገዩ የዓይን ሐኪም ጋር ውሰዱት። የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የልጆች የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ፎቶውን ግን ለእኛ አትላኩልን፣ ፖስትም አታድርጉት። የሚያስፈልገው ለባለሙያው ነው።

■ ለሰመመን ባለሙያው የምትነግሩት

• ብሌኖቹ እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም፣ ከመቼ ጀምሮ
• ባለፉት ሁለት ሳምንታት የዓይን ጠብታ ተደርጎለት ከሆነ፣ ስሙን ወይም ብልቃጡን
• ዓይኑ ወይም ጭንቅላቱ ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ
• ሸንት፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ካለው
• ሲወለድ በአንድ በኩል ክንዱ ተጎድቶ ከነበረ
• የቤት መድኃኒት፣ ተክል ወይም ኬሚካል ነክቶ ከሆነ

ከዚያ ደግሞ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፣ መጠበቂያው አካባቢ ሁኑ። ሻይ ለመጠጣት ሁላችሁም አንዴ አትውጡ።

■ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ

ልጁ ነቅቶ፣ እየበላ፣ እየተጫወተ አንዱ ብሌኑ ሰፍቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ትርፍ ነው፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ደውሉ። አብሮት ከባድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ለመንቃት መቸገር፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ሽፋን መውረድ ወይም የአንድ ዓይን ወደ ውጭ መዞር ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጠባብ ብሌንና የወረደ ሽፋን ያለምክንያት አዲስ ከመጣም መመርመር አለበት፤ ልጆች ላይ አንዳንዴ አንገት ወይም ደረት ውስጥ የተደበቀ ዕጢ ምልክት ይሆናል።

ይሄ ጽሑፍ ለመረጃ ነው፣ ሐኪምን አይተካም። በዚህ ሳምንት ልጅ ለኦፕራሲዮን የሚያስገባ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ላኩለት። ፎቶውን ማንሳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።